አንድ ኮንጋ ይበቃችኋል

ኮንጋ፣ ማለትም በእጅ የሚመታውን ረጅሙን የኩባ ከበሮ፣ መማር ፈልጋችሁ ግን ብዙ ገንዘብ ማውጣት የማትችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ሁለት አትግዙ። አንድ ግዙ። ሙሉ መጠን ያለው፣ እንጨቱ ጤነኛ የሆነ፣ ቆዳው ገና ለመወጠር ቦታ የቀረው አንድ ኮንጋ፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። የተረፋችሁን ብር ለቆዳ አስቀምጡት፣ ጉልበታችሁን ደግሞ መቃኘት ለመልመድ አውሉት፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ ኮንጋ የሚተወው እጁ ስለደከመ አይደለም፣ የሚመታው ነገር ጥሩ ስለማይሰማ ነው፣ ድምፁ ሳያምር ሲቀር ደግሞ ችግሩ ከበሮው ይሁን እጁ መለየት ስለማይችል በቃ ለኔ አልተፈጠረም ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል።

ኢንተርኔት ላይ የጀማሪ ኮንጋ ብላችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ጥንዱ ነው። 10 እና 11 ኢንች ፊት ያላቸው ሁለት ከበሮዎች ከነማቆሚያቸው፣ ቁመታቸው 28 ኢንች፣ ዋጋቸው ከ300 እስከ 500 ዶላር አካባቢ፣ ፎቶው ላይ ደሞ በጣም ነው የሚያምሩት። ለምን እንደሚያጓጉ ይገባኛል። ግን ያ ገንዘብ ለሁለት ገላ፣ ለሁለት ቆዳ፣ ለዛ ሁሉ ብረትና ለአንድ ማቆሚያ ተከፋፍሎ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ተቆንጥሯል። ከዛ በላይ የሚያሳስበኝ የፊቱ ጥበት ነው። ኮንጋ ላይ ኦፕን ቶን የሚሉትን ክፍት ድምፅና ስላፕ የሚሉትን ስለታም ድምፅ የሚለያቸው እጃችሁ የሚያርፍበት ቦታና የጣቶቻችሁ አያያዝ ነው፣ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው፣ ገና እጁ ቦታውን ያላወቀ ሰው ጠባብ ፊት ላይ ሲመታ ሁለቱ ይደባለቁበታል። ቤዙም ቢሆን የከበሮው ሆድ ስላነሰ ቀጭን ነው የሚወጣው። ለልጅ ከሆነ የምትገዙት ጥንዱ ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ሰው እጅ ግን አልመክርም።

ሙሉ መጠን የምለው ቁመቱ 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነውን ነው። በፊታቸው ስፋት ሦስት ናቸው፤ ትንሹ ኪንቶ 11 ኢንች ገደማ፣ መሀለኛው ኮንጋ 11 ከሦስት ሩብ፣ ትልቁ ቱምባ 12 ተኩል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል። የምትገዙት መሀለኛውን ነው። ወጠር ስታደርጉት ወደ ኪንቶ ይጠጋል፣ ለቀቅ ስታደርጉት ወደ ቱምባ ይወርዳል፣ ስለዚህ የትኛው ድምፅ ነፍሳችሁን እንደሚይዘው በአንድ ከበሮ ላይ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

በአንድ ከበሮ ምን ይሰራል ለሚሉኝ ሰዎች መልሴ ኩባ ነው። ይሄ ከበሮ የተወለደው እዛ ነው፣ ከኮንጎና ከአካባቢው በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ይዘውት የሄዱትን የከበሮ እውቀት ከበርሜል አሠራር ጋር አዋህደው ሠሩት፣ እስከዛሬም የእንጨቱ ገላ በብዛት የሚሠራው ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ተጋጥመው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 (ሌሎቹንም ዓመቶች የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በቅርስነት በመዘገበው የኩባ ሩምባ ውስጥ በተለምዶ ሦስት ከበሮ ካለ ሦስት ሰው ነው የሚቀመጠው፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ይዞ፣ እና አንዱ ከሌላው ጋር እየተነጋገረ። ዓይነ ስውሩ የትሬስ፣ ማለትም የኩባ ጊታር፣ ተጫዋች አርሴኒዮ ሮድሪጌዝም በ1940 አካባቢ ኮንጋን ወደ ዳንስ ባንዱ ሲያስገባ በአንድ ከበሮ ነው የጀመረው። አንድ ሰው ብቻውን ሁለትና ሦስት ከበሮ ቃኝቶ መጫወት በኋላ የመጣ ነገር ነው፣ በብዛት የሚነሳውም በ2020 በ99 ዓመቱ ካረፈው ከኩባዊው ኮንጋ መቺ ከካንዲዶ ካሜሮ ስም ጋር ነው። እና ጀማሪው ከመጨረሻው የሚጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ለኛ ሰው ደግሞ ኮንጋ ባዕድ ድምፅ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሠርተው ሲመለሱ ቫይብራፎንና ኮንጋን ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ይዘው የገቡ ሰው ናቸው፣ ራሳቸውም ኮንጋ ይመታሉ። ኢትዮ ጃዝ ስሰማ ልቤን የሚወስደው ሁሌም ያ ከሥር የሚሄደው የእጅ ከበሮ ነው፣ ሳክስፎኑ ሲያለቅስ እሱ ዝም ብሎ ሰውየውን ደግፎት ይሄዳል። ከዛ ውጪ እኔ ያደግኩት ሰርግ ቤት ሴቶች ከበሮ ይዘው ሲያድሩ እያየሁ ነው፣ እናቴም አክስቶቼም ይመታሉ፣ ስለዚህ ቆዳ በእጅ መምታት ለሴት የሚያስደንቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። ሌላም የቅርብ ዝምድና አለን፣ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ ሄደው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ደሴት ላይ ተምረዋል፣ ብዙዎቹ ስፓኒሽም ጭፈራውም ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነው የተመለሱት። ለኔ ኮንጋ የሚመረጥበትን መንገድ ያሳዩኝ ከነሱ አንዱ ናቸው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ ስማቸውን ስላልፈቀዱልኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ዲሲ ለሚኖር ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሁላችንም ማልኮም ኤክስ ፓርክ የምንለው ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ውስጥ፣ አሥራ ስድስተኛው ጎዳና ላይ፣ አየሩ ሲሞቅ እሁድ ከሰዓት ከበሮ የያዘ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዛ ሂዱ። ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉና የተለያዩ ከበሮዎችን ስሙ፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ጠይቃችሁ እጃችሁን ታሳርፋላችሁ፣ የትኛው ኮንጋ ያገለገለ ይሸጣል የሚለውንም ወሬ የምታገኙት እዛ ነው። ከዛ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ክሬግስሊስት አሉ። በተለይ ጥር ላይ፣ አዲስ ዓመት ነው ብሎ ገዝቶ ያልገፋበት ሰው መሸጥ ሲጀምር፣ እና በጋ መግቢያ ላይ ሰው ቤት ሲቀይር ጥሩ ጥሩ ነገር ይወጣል። ሙሉ መጠን ያለው ጤነኛ አንድ ኮንጋ ከ100 እስከ 250 ዶላር ብታገኙ አትለፉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዴት ታዩታላችሁ። ይሄን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ምክንያቱም ሻጩ ቤት ስትደርሱ ሰውየው እያያችሁ ስለሆነ ጥድፊያ አለ።

የኔን ያገኘነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሼ ገና ሲገቡ ከበሮውን አልመቱትም፣ ሰላምታ ሰጥተው የጋራዡን መብራት እንዲያጠፋላቸው ሻጩን በትህትና ጠየቁት፣ ከዛ ከበሮውን አጋድመው ስልካቸውን ፍላሽ አብርተው በታችኛው ክፍት በኩል እስከ ክርናቸው አስገቡት። «ነይ አንቺ በውጪ በኩል ተመልከቺ፣ መስመር መስመር ሆኖ የሚወጣ ብርሃን ካየሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ዙሪያውን ዞርኩት፣ አንድ ቦታ ላይ ከእጀታው ሥር ፀጉር የምታክል የብርሃን ክር ነበረች። «የት ጋ ነው የምትጀምረው?» አሉ፣ ከመሀል ስላቸው «ከላይኛው ጠርዝ ካልጀመረች ትዳናለች» አሉኝ። በኋላ እንደገባኝ የጣውላ መጋጠሚያ መላቀቅ ብዙ ጊዜ የሚጠገን ነገር ነው፣ የእንጨት ኮላ ስንጥቁ ውስጥ ገፍቶ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ዙሪያውን ጠፍሮ ማሳደር ነው። የማይጠገነው፣ ወይም ለመጠገን ከበሮው ከሚያወጣው በላይ የሚያስወጣው፣ ቆዳው የሚያርፍበት የላይኛው ጠርዝ ሲጣመም ወይም ክቡ ሲሞላለል ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የላዩን ፊት በተለያየ አቅጣጫ ለኩት፣ ቁጥሩ ካልተቀራረበ አመስግናችሁ ውጡ።

ከዛ ብርሃኑን ወደ ቆዳው አዞሩት። ይሄን ብታዩት እንዴት ደስ እንደሚል፣ ጥሬ ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሥሩ ሲበራ ፊቱ በሙሉ ማር ቀለም ሆነ፣ መሀሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠቆር ያለ መስመር ወጣ። «ይቺ የከብቷ የጀርባ አጥንት መስመር ናት፣ መሀል ለመሀል ስለሄደች ግራና ቀኙ ውፍረቱ ተመጣጣኝ ነው» አሉኝና በጣታቸው ተከተሏት። ከቀረው በልጦ ደምቆ የሚያበራ ቦታ ካለ እዛ ጋ ስስ ነው ማለት ነው። ጠርዙ ላይ፣ ቆዳው ቀለበቱ ሥር በሚታጠፍበት፣ ትንሽም ብትሆን ቅዳጅ ካለች ቆዳው ቆይታው አጭር ስለሆነ የአዲስ ቆዳ ዋጋ ቀንሱልኝ በሉ።

ሌላው በዓይን የሚታየው የቀለበቱ ከፍታ ነው። ቆዳው በተወጠረ ቁጥር ብረቱ ቀለበት ወደ ታች ይወርዳል። ወርዶ ወርዶ ጎን ላይ ያሉት ብረቶች ጋ ሊደርስ ከተቃረበ ያ ቆዳ የሚሳበውን ያህል ተስቧል፣ ከዚህ በኋላ ከፍ አታደርጉትም። ዳዶዎቹን በቁልፍ አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጓቸው፣ ሁሉም መዞር አለባቸው፣ ጥርሱ የተበላ ብሎን ካለ መለዋወጫ የሚገኝለት ብራንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዛ በመጨረሻ ምቱት። የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ የላላ ብሎን ነው፣ በካቻቢቴ ጠበቅ ሲደረግ ወይም ሮንዴላ ሲጨመርለት ይጠፋል። ሻጩ እጀታውን በእጁ ይያዝላችሁና ደግማችሁ ምቱት፣ ድምፁ ከጠፋ ምንጩን አገኛችሁት።

ስለ ብራንድ ብዙ አልልም። ኤልፒ፣ ማለትም ላቲን ፐርከሽን፣ ማርቲን ኮኸን በ1964 ኒውዮርክ የመሠረተው ነው፣ አሜሪካ ኩባ ላይ ማዕቀብ ስትጥል የኩባ ከበሮ መግባት ስላቆመ እዚሁ መሥራት ጀመረ። ከነሱ ማታዶር የሚባለው መስመር ያገለገለ ሲገኝ ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። የጀርመኑ ሜይንል ሄድላይነር አለው፣ ቶካም አለ። ብዙዎቹ ርካሾቹ የሚሠሩት ከጎማ ዛፍ እንጨት ነው፣ ካታሎግ ላይ ሳያም ኦክ ተብሎ ታዩታላችሁ፣ የጎማ ፈሳሹን ሰጥቶ የጨረሰው ዛፍ ተቆርጦ ነው የሚሠራበት፣ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። ፋይበርግላስ ደግሞ ጮክ ያለና ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ለአየር ፀባይም አይበገርም፣ አፓርትመንት ለሚኖር ሰው ግን እንጨቱ ይሻላል እላለሁ፣ ሞቅ ያለና ለጎረቤትም የሚቀል ነው። የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር አለ፣ ምንም ስም የሌለው ወይም ስሙን የማታውቁት ከበሮ ውበቱን አይታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳው ሲቀደድ የሚገባለት ቆዳ መኖሩን ጠይቁ። የኮንጋ ቆዳ በራሱ የውስጥ ቀለበት ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚመጣው፣ የአንዱ ፋብሪካ 11 ከሦስት ሩብ ለሌላው 11 ከሦስት ሩብ ላይገባ ይችላል፣ ስለዚህ ሁሌም ትክክለኛውን ሞዴል አይታችሁ ነው የምትገዙት።

ጥሬ ቆዳ ወይስ ሰው ሠራሽ? እኔ ጥሬ ቆዳ እወዳለሁ፣ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ሙሉ ነው፣ ከበሮ ሲመታ ያደገ ጆሮ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል። ግን ጥሬ ቆዳ ከአየሩ ጋር ይኖራል። የዲሲ በጋ ወበቃም ነው፣ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሂተሩ ቤቱን ሲያደርቀው ቆዳው ይኮማተርና እናንተ ሳትነኩት ከፍ ብሎ ይገኛል፣ በጣም ሲብስ ይቀደዳል ወይም እንጨቱን ይስበዋል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ዳዶዎቹን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ፣ ከሂተር ማራቅ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከመኪና ኮፈን ማራቅ ነው። የቤቱ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ለቆዳውም ለእንጨቱም ይስማማል። ድሮ ኩባ ውስጥ ቆዳው በሚስማር ተመትቶ ስለነበር የሚወጠረው በእሳት ሙቀት ነበር፣ የኛም ሰው ከበሮውን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ያሞቀው የለም እንዴ፣ ያው ነው። ብሎንና ዳዶ ላለው ኮንጋ ግን እሳቱን ተዉት። ቆዳ ነው ብላችሁም ቅባት አታብዙበት፣ ይለሰልስና ድምፁን ያደነዝዘዋል። ይሄን ሁሉ ክትትል የማትችሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሥራችሁ ከከተማ ከተማ የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ሬሞ የሚሠራቸው ሰው ሠራሽ ቆዳዎች አሉ፣ አየር አይለዋውጣቸውም፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቤት ስትደርሱ ወዲያው መወጠር አትጀምሩ። ዳዶዎቹን በየተራ ፈታ ፈታ እያደረጋችሁ ሁሉንም አላልታችሁ ቆዳውንም ቀለበቱንም አውጡት፣ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በአሮጌ ከበሮ ላይ የደረቀ ቆሻሻና ላብ የሚጠራቀመው እዛ ነው። የብሎኖቹን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ አፅድታችሁ ግሪስ ቀቡት፣ ትንሽ ነው የሚበቃው። ቆዳውን መልሳችሁ ስታስቀምጡት ከጠርዙ እኩል በሁሉም በኩል እንዲተርፍ መሀል አድርጉት፣ ዳዶዎቹን በጣት ብቻ እስኪነኩ አዙሩ። አሁን ማስመሪያ አምጡና ከቀለበቱ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት በየብሎኑ ጋ ለኩ። እኩል መሆን አለበት። አብዛኛው ኮንጋ አምስት ወይም ስድስት ብሎን አለው፣ በቁልፍ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላችሁ፣ አንዱን ካጠበቃችሁ በኋላ ትይዩ ወዳለው እየተሻገራችሁ ነው የምትሄዱት፣ ጎን ለጎን ያሉትን ተከታትላችሁ ካጠበቃችሁ ቀለበቱ ያዘነብላል። በየዙሩ መሀል ቆም በሉና በየብሎኑ ፊት ለፊት ጣታችሁን ጠርዙ ላይ ነካ አድርጋችሁ ስሙ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ የሰማችሁበትን ትንሽ ጨምሩለት። አዲስ ጥሬ ቆዳ ከሆነ አንድ ቀን አትጨርሱት፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ቆዳው እየተሳበ ቦታውን ይይዛል። እና ስትወጥሩ ፊታችሁን ከከበሮው በላይ አታድርጉ፣ ያ ብረት ብዙ ኃይል ነው የያዘው፣ ከተበጠሰ ይወረወራል።

እስከ ምን ድረስ ነው የሚወጠረው? በብዛት የሚነገረው ቅኝት ኮንጋው ፒያኖ ላይ መሀለኛው ዶ፣ ቱምባው ከሱ በታች ያለው ሶል፣ ኪንቶው ከሱ በላይ ያለው ሚ ነው። አንድ ከበሮ ካላችሁ እንግዲህ ዶ ላይ አድርጉት። ጥራት ያለው ኦፕን ቶን መትታችሁ ድምፁን በአፋችሁ ሃም አድርጉት፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ቲውነር የናንተን ድምፅ ከከበሮው ይልቅ ቶሎ ያነበዋል። ዶ ለመድረስ ከበሮው እየተጨነቀ ከመሰላችሁ፣ ማለት ቆዳው ድንጋይ ሆኖ ድምፁ ከታፈነ፣ ከዶ በታች ወዳለችው ኖታ፣ ወደ ሲ፣ አውርዱት፣ የራሱ የሚያምርበት ቦታ አለው።

እዚህ ላይ ነው እኔን በጣም ያስደሰተኝ ነገር ያለው። ሶል፣ ዶ እና ሚ ሦስቱም ትዝታ ሜጀር ውስጥ አሉ፤ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀርም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሦስቱንም ይይዛል። ማለትም ኩባዎቹ የሚቃኙትን የተለመደውን ቅኝት ሳትነኩ ከዶ የሚነሳ ትዝታና ባቲ ጋር መምታት ትችላላችሁ፣ ከበሮው ከዘፈኑ ጋር አይጣላም። አምባሰል ላይ ግን ይቀየራል፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፣ ሚ የለበትም፣ ስለዚህ ኪንቶ ያለው ሰው ወደ ፋ ከፍ ማድረግ አለበት። ትዝታ ማይነር ሲሆን ደግሞ ሚዋ ቤሞል ትሆናለች፣ ኪንቶው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። አንቺሆዬ ሶልም ሚም ስለሌላት ቱምባውም አብሮ ይነካል፣ እዛ ጋ ዶዋን ብቻ ይዞ መጫወት ይመረጣል። ከበሮ ምን ኖታ አለው የሚል ሰው አለ፣ ግን ኦፕን ቶን ይዘምራል፣ ማሲንቆ ወይም ክራር አጠገቡ ሲቀመጥ ያልተገጣጠመ ኮንጋ ጆሮ ይረብሻል፣ የተገጣጠመ ሲሆን ደግሞ ክራሩ ራሱ የሰፋ ይመስላል። አንድ ከበሮ በዶ ላይ ከሆነ አራቱም ቅኝቶች ዶ አላቸውና ከሁሉም ጋር ትሄዳላችሁ። አንድ ይበቃል የምለው አንዱ ምክንያት ይሄም ነው።

ማቆሚያ መጀመሪያ ላይ አያስፈልጋችሁም። እጀታ የሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ ጫፉ ጋ ተቀመጡ፣ ከበሮውን በጉልበታችሁ መሀል ያዙትና የላዩን ፊት ከናንተ ወደ ውጪ ዘንበል አድርጉት፣ ታችኛው ጠርዝ በናንተ በኩል ከመሬት ትንሽ ይነሳ። ቤዙ የሚወጣው በታች ነው፣ መሬት ላይ ደፍታችሁት ከመታችሁት ይታፈናል። ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ጎማ አድርጉ፣ ሴራሚክ ላይ ጠርዙ ይፈነከታል። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ ቆዳውንም ጣታችሁንም ይጎዳል። ክርናችሁ ከከበሮው ፊት ጋር እኩል ካልሆነ ወንበሩን ቀይሩ፣ ትከሻችሁ ከፍ ብሎ ከሆነ የምትመቱት ቶሎ ያማችኋል።

መጀመሪያ የምትማሩት ቱምባኦ የሚባለውን አመታት ነው፣ የሳልሳም፣ ሶን የሚባለው የኩባ ሙዚቃም መሠረት። ስምንት ምት ናት፤ ግራ መዳፍ፣ ግራ ጣት፣ ቀኝ ስላፕ፣ ግራ ጣት፣ ግራ መዳፍ፣ ግራ ጣት፣ ከዛ ቀኝ ኦፕን፣ ቀኝ ኦፕን። ግራ እጅ ከቆዳው አይነሳም ማለት ይቻላል፣ መዳፍና ጣት እየተቀያየረ ይወዛወዛል። ሁለቱ የመጨረሻ ኦፕኖች ናቸው ዘፈኑን የሚገፉት። ጋሼ ይሄን ሲያሳዩኝ በጣም ዝግ ብለው ነበር፣ ከደቂቃዎች በኋላ ልፍጠን ስል እጄን በእጃቸው ያዙትና «ተይ ልጄ፣ ኦፕንሽ ገና አልጠራም፣ ፍጥነት የትም አይሄድብሽም» አሉኝ። ጎረቤት ላለበት ፎጣ አጣጥፎ ቆዳው ላይ ማድረግ በቂ ነው፣ እጅ እንቅስቃሴውን ይለምዳል፣ ግን በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ፎጣውን አንስታችሁ መምታት አለባችሁ፣ ፎጣ ላይ ኦፕንና ስላፕ አይለዩም።

አዲስ አበባ ለወንድም ለእህት ልላክ የምትሉ ትጠይቁኛላችሁ። የእንጨት ኮንጋ ክብደቱ በብዛት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ስለሆነ የአውሮፕላን ሻንጣ 23 ኪሎ ውስጥ ይገባል፣ አሳሳቢው ልኩ ነው፣ ርዝመት ሲደመር ስፋት ሲደመር ከፍታ 158 ሴንቲሜትር ከሚለው ጋር ሙሉ መጠን ኮንጋ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ ወፍራም ቦርሳ ካለበሳችሁት ከልኩ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ልብስ ጠቅጥቁበት፣ ዳዶዎቹን ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ ቁልፉን አብራችሁ ላኩ። እዛ ሲደርስ ቦታውን ለምዶ ጥቂት ቀን ይረፍ፣ በተለይ ከጥቅምት በኋላ ደረቅ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወጠር፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ያላላዋልና በየጊዜው መንካት ይፈልጋል።

ሁለተኛ ከበሮ የምትገዙት አንዱ ላይ ኦፕን፣ ስላፕና ቤዝ በተፈለገው ሰዓት ሲወጡላችሁ ነው፣ ያኔ ኪንቶውን ሳይሆን ቱምባውን ውሰዱ፣ 12 ተኩሉን፣ ቢቻል ከመጀመሪያው ጋር አንድ ፋብሪካ የሆነውን፣ ሶል ላይ ቃኙትና በቀኝ እጅ በኩል አስቀምጡት።